ልብ፣ ዕድሜና ውሃ፦ ከመርካቶ በርጩማ እስከ ሐይቁ ዳር

ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ብቻውን ውሃ ውስጥ ሲገባ ልቡ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሦስት በኩል ይመጣል። አንደኛው ውሃው ራሱ ነው፤ ሰውነትን ይጫናል፣ ያቀዘቅዛል ወይም ያሞቃል። ሁለተኛው ዋናው ወይም ቀዘፋው የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ሦስተኛው ልቡ ለዓመታት ይዞት የኖረው፣ ባለቤቱ ግን የማያውቀው ጉዳት ነው፤ ከሦስቱ የሚከፋውም ይኸኛው ነው። ውሃ ደህናውን ልብ የሚጎዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ታሞ የመጣውን ግን ቶሎ ያጋልጣል። ስለዚህ ውሃው ልቡን ይጎዳዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ሰውየው ሳምንቱን በሚያሳልፍበት ቦታ ይፈለጋል።

መርካቶ እንዲህ ካሉት ቦታዎች አንዱ ነው። መርካቶ ያለበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሐይቅ የለውም። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ሱቁን ቆልፎ እሑድ ቢሾፍቱ ወይም ሶደሬ የሚወርደው፣ ወገቡን ሲይዘው ፍል ውሃ የሚሄደው፣ ሲከፋው ጠበል የሚጠመቀው ጎልማሳና ሽማግሌ ከዚህ ሰፈር የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ለአገሬው ሰው ብለው ከከለሉት ወዲህ መርካቶ በሁለት ዓይነት ሰውነት ይሠራል፤ በሚቀመጠውና በሚሸከመው።

የሚቀመጠውን በቅርብ ለማየት የአንድ የ58 ዓመት ጅምላ ነጋዴ ቀን ይበቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ነው። ጣቃ የሚያወርድ ልጅ አለው፤ ሻይ የሚያመጣለት ሌላ ልጅ አለ፤ ዕቃው በተሸካሚ ጀርባ ይመጣል፣ በተሸካሚ ጀርባ ይሄዳል። ከበርጩማው የሚያስነሳው ምሳ ወይም ሶላት ነው። ምሳው ቁርጥ ወይም ክትፎ የሚሆንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ከሆነም ልቡ በእረፍት ሰዓቷ እንደ ሯጭ ልብ ትመታለች፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ የደም ቧንቧንም ያጠባል። በየመን የተደረገ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማይቅሙት የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል።

የሚሸከመው ሌላ ታሪክ ነው። 50 ኪሎ ጆንያ በጀርባው አድርጎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሰው መካከል የሚሰነጥቀው ወዛደር ልቡ ሥራ የለመደች ናት። አደጋው ሸክሙን በሚያነሳበት ቅጽበት ነው። ትንፋሹን ውጦ ሲያነሳ የደም ግፊቱ ሽቅብ ይተኮሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በክብደት አንሺዎች ላይ የተደረገ ልኬት የላይኛው ቁጥር ከ300 ሲያልፍ አሳይቷል። ወጣት ቧንቧ ይህን ይችለዋል፤ የ60 ዓመት ቧንቧ ላይችለው ይችላል። ከዚህ በላይ ግን ለተሸካሚው ልብ የሚያሰጋው ማታ የሚውጠው ነገር ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒትን ኃይል ያዳክማል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የልብ ሕመምን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ስለ ጨውና ስለ ጮማ ሁሉም ይመክራል፤ ስለዚህ ክኒን የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

የደም ግፊት ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ 100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። በዚያው ጥናት የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ቁጥሩ ወጣቶችንም ስለሚጨምር በሽማግሌዎች ዘንድ ድርሻው ከዚህ ይበልጣል፤ ግፊት ከዕድሜ ጋር ይወጣልና። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከታየ በሽታ ነው። ሕመም ባለማሳየቱ ግን ባለቤቱ አይጠረጥረውም፤ ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ «ግፊቴ ተነሳ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ድምፁን አጥፍቶ ነው።

እንግዲህ ሳምንቱን በበርጩማ ያሳለፈው ነጋዴ እሑድ ሐይቅ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ከጓደኞቹ ልጆች ጋር ልሽቀዳደም ሲል ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመ በሰፊው የሚታወቅ ጥናት ለዚህ ቁጥር ሰጥቶታል። ከባድ እንቅስቃሴ በተደረገ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድል በአማካይ ወደ 6 እጥፍ ይጨምራል። አማካዩ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። በሳምንት 5 ቀንና ከዚያ በላይ ሰውነታቸውን የሚያሠሩ ሰዎች ዘንድ ጭማሪው 2.4 እጥፍ ብቻ ነበር፤ በሳምንት አንዴ እንኳ በማያሠሩት ዘንድ 107 እጥፍ ደርሷል። አንዷ ሰዓት በራሷ ትንሽ ስለሆነች የእያንዳንዱ ሰው አደጋ አሁንም አነስተኛ ነው። ቢሆንም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በተሸካሚውና በነጋዴው መካከል ያለው ርቀት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሐኪሞች የእሑድ ስፖርተኛን ከሽማግሌ ስፖርተኛ ይልቅ የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ በበኩሉ ከየብስ የተለየ ጠባይ አለው። ሰው እስከ አንገቱ ሲገባ የውሃው ክብደት እግርንና ሆድን ከውጭ ይጨምቃል፤ በዚህም 700 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከታችኛው አካል ተነስቶ ወደ ደረት ይሄዳል። ይህ ከሁለት ብርጭቆ በላይ ነው። ልብ ይህን ተጨማሪ ደም ተቀብላ መግፋት አለባት። ደህና ልብ ትለጠጥና በአንድ ምት የምትረጨውን ትጨምራለች፤ የደከመች ልብ ግን የመጣውን መግፋት ያቅታትና ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ደረትም ከውጭ ስለሚጨመቅ የመተንፈስ ሥራ በግማሽና ከዚያ በላይ ይከብዳል። ኩላሊት ደግሞ በደረት የተከማቸውን ደም እንደ ትርፍ ውሃ ይቆጥረውና ሽንት ያበዛል፤ ረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ሳይታወቀው ውሃው ያልቅበታል። የግፊት መድኃኒት ሆኖ የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ይህ እጥፍ ይሆናል። ከውሃው ሲወጣ ደግሞ ጭምቂያው በአንዴ ይለቀቃል፤ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። ብዙ ሽማግሌዎች የሚወድቁት እየዋኙ ሳይሆን መሰላሉን ወጥተው ሲቆሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የኢትዮጵያን ሽማግሌ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በልጅነት በአግባቡ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ ልብ በሽታ በአገሩ ዋነኛ ከሚባሉት የልብ ችግሮች አንዱ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን ሲመሠርቱም፣ ኋላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ ሲከፈትም፣ ትልቁ ሸክም ይህ ነበር። በሽታው ሕፃናትን ብቻ የሚይዝ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል ሆኖ ያለፈው ሰው የጠበበ ቫልቭ ይዞ 50 እና 55 ዓመት ይደርሳል። በየብስ ላይ «ትንሽ ቶሎ ይደክመኛል» ከማለት አያልፍም። እስከ አንገቱ ውሃ ሲገባ ግን ያ 700 ሚሊ ሊትር ደም በጠበበው በር ፊት ይከማቻል፤ ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ ሳንባው ውሃ ሊያዝል፣ አረፋ ያለው አክታ ሊያስለው ይችላል። ስለ ዋናና ልብ የሚጻፉ የውጭ መጻሕፍት ለዚህ ብዙ ቦታ አይሰጡትም፤ እነሱ አገር በሽታው ብርቅ ሆኗልና። እዚህ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የሙቀቱና የቅዝቃዜው ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ድንገት ሲነካ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹን ሽቅብ ይስባል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከሁሉ ይከፋል፣ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይረግባል። በዚያች ጊዜ የቆዳ ቧንቧዎች ይኮማተራሉ፣ ግፊት ይወጣል፣ ልብ ትሮጣለች። ፊት አብሮ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ልብን ቀስ በይ ይላታል። ሩጪና ቀስ በይ የሚሉ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲደርሷት የምቷ ሥርዓት ሊዛባ ይችላል፤ ጤነኛ ወጣት ላይ አላፊ ነው፣ ጠባሳ ያለበት ልብ ላይ ግን የሞት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የቢሾፍቱና የላንጋኖ ውሃ የዚህን ያህል አይቀዘቅዝም። በአዲስ አበባ ሽማግሌ ሕይወት ውስጥ ይህ ቅዝቃዜ የሚገኘው በጠበል ነው። እንጦጦ ማርያም 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጎሕ ላይ ከምንጭ የሚወርደው ውሃ አጥንት ይሰብራል። ጠበል ስፖርት አይደለም፤ ልብ ግን ልዩነቱን አታውቅም። ደካማ ልብ ያለበት ሰው መጀመሪያ እጅና እግሩን፣ ቀጥሎ ደረቱን ቢያስነካ፣ ራሱ ላይ ድንገት ባይፈስበት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ቢጠመቅ፣ ከእምነቱ የሚጎድል ነገር የለም። የሚያስጨንቀው መድኃኒትን ለጠበል ብሎ ማቋረጥ ነው። አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለግፊትና ለልብ ክኒንም ነገሩ ከዚህ አይለይም። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት በተለይ ድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ይዘላል፤ አቴኖሎል ከነዚህ አንዱ ነው።

ሙቅ ውሃ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ለመርካቶ ሰውም ይበልጥ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተወለደችው በዚህ ውሃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ከተማዋ ተከተለች። ዛሬም ወገቡ የተያዘ ሽማግሌ ተራውን ጠብቆ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል፣ ገንዳው ውስጥ ይዘረጋል። እንፋሎቱ መስተዋቱን ያለብሳል፤ ጡንቻው ይፈታል፤ እንቅልፍ ይመጣል። በዚያች ሰዓት የቆዳው ቧንቧዎች ተከፍተዋል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ልቡ ያንን ለማካካስ ፈጥናለች። ጠዋት አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ውጦ ከሆነ ውርዱ የባሰ ነው። ያኔ በሩ ሲንኳኳ፣ ተራህ አለቀ ሲባል፣ ብድግ ይላል። ገንዳው ያንሸራትታል። በሩ ተዘግቷል። ከዚህ በላይ ብቻውን የሆነ ዋናተኛ የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ውሃውን ከ40 ዲግሪ በታች ማድረግ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት፣ ሲወጡ ገንዳው ጠርዝ ላይ ጥቂት መቀመጥ፣ ሆድ ሞልቶ ወይም መጠጥ ቀምሶ አለመግባት፣ በሩን ከውስጥ አለመቀርቀር። ቤተሰብ አብሮ ከሄደ ደጅ ሆኖ በየጊዜው ድምፅ ማሰማት ይበቃል። ጃፓኖች በቤት ገንዳቸው በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሽማግሌ ስለሚሞትባቸው ይህን ሥርዓት እንደ ጤና መመሪያ ያስተምራሉ። ሶደሬም ሆነ ሌላው የፍል ውሃ መዋኛ በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ልዩነቱ ዙሪያው ሰው መኖሩ ነው፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሐይቆቹ ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሆራና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች በመሆናቸው ዳርቻቸው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ጥልቅ ይሆናል። የደከመው ዋናተኛ የሚቆምበት መሬት የለውም ማለት ነው። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተ ደቡብ ነው፤ ዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅ በመሆኑ ለሽማግሌ ይሻላል፣ ውሃው ግን ቡናማ ስለሆነ የሰጠመ ሰው አንድ ክንድ ታች ቢሆን እንኳ አይታይም። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላሉ፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወደ ላንጋኖ ሲወረድ ትንፋሽ ቀለል ይላል፤ ይህ መልካም ቢሆንም «ዛሬ ጉልበት አለኝ» የሚያሰኝ የውሸት ድፍረትም ይሰጣል። ለክረምት ዕረፍት ከውጭ የሚመጣው የ65 ዓመት ዘመድ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ አዲስ አበባ ሲያርፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ያለ ሥራም ትፈጥናለች፤ ከባድ ዋና ለመጀመር ሳምንት ቢያልፍ ይመረጣል።

በአገሩ ውስጥ እውነተኛው የብቻ ውሃ ሥራ ያለው ግን ጣና ላይ ነው። የጣና ቀዛፊ ደንገል አስሮ በሠራው ታንኳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ረጅሙን መቅዘፊያ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየነከረ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ይሻገራል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ አይደለም። ይህ ሰው 60 ዓመት ቢሆነውም ልቡ ከመርካቶው ነጋዴ ልብ የበለጠ የሠለጠነ ነው፤ በየቀኑ፣ በልኩ፣ ለሰዓታት ይሠራልና። ቀዛፊው በጠዋት ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሳ መመለሱ፣ ከሌሎች ታንኳዎች ዓይን አለመራቁ ሐኪም ያዘዘለት ሳይሆን ከአባቱ የተማረው ነው። ነገር ግን ግፊቱን የለካለት ላይኖር ይችላል፤ ደረቱን ቢይዘው ደግሞ መድረሻ የለውም። የሠለጠነ ልብ ብቸኝነትን አይሽረውም።

የዓለም ልምድ በዚህ ላይ ምን ይላል? አሜሪካ ውስጥ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን የሚደረግበት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 ሲጠና 135 የሞትና የልብ መቆም አደጋዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ 90ው በዋናው ክፍል የደረሱ ናቸው፤ ዋናው ከሦስቱ አጭሩ ሆኖ ሳለ። ከተጎዱት 100 ውስጥ 85ቱ ወንዶች ነበሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 47 ግድም፤ ከ40 በላይ ባሉ ወንዶች አደጋው እየጨመረ ሄዷል። አስከሬናቸው ከተመረመረው መካከል ከ10 ውስጥ 4 የሚበልጡት የማያውቁት የልብ ችግር ተገኝቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች የተለማመዱ፣ ሰው የሚጠብቃቸው፣ ጀልባ የሚከተላቸው ነበሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር መቁጠር የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐይቅ ውስጥ የሞተ ሰው «ሰጠመ» ይባላል፤ ልቡ ቆማ ሰጠመ ወይስ ሰጥሞ ልቡ ቆመች የሚለውን ከላይ የሚያይ አይለየውም። ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የአስከሬን ምርመራ ማዕከል የነበረው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲሆን ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ መቅበርን ይመርጣል። በዚህ የተነሳ ዋና የማይችል ሽማግሌ ሲሞት ሁሉም ውሃውን ይረግማል፤ የሚረገመው ግፊት ሊሆን ይችል ነበር።

ፍርሃቱ ግን ሰውን ከውሃ ማራቅ የለበትም፤ ውሃ ለሽማግሌ ልብ መድኃኒትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ሰዎች 12 ሳምንት እየዋኙ የላይኛው ግፊታቸው በ9 ነጥብ ወርዶ አይቷል። ጉልበቱን ለበላው ተሸካሚ፣ ክብደት ለጨመረ ነጋዴ፣ መገጣጠሚያን የማይመታ ከዋና የተሻለ እንቅስቃሴ ማግኘት ይቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እሱም በሳምንት አንድ እሑድ ሁለት ሰዓት ተሟጥጦ የሚሞላ ሳይሆን በየቀኑ የሚከፋፈል ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሱቁ በእግር መሄድ፣ መኪናን እስከ መጋዘኑ በር አለማስጠጋት ለእሑዱ ዋና ዝግጅት ነው።

ዝግጅቱን ለመፈተን መርካቶ ራሱ መሣሪያ አለው። በአዲሶቹ የገበያ ሕንፃዎች ሊፍት ሲቆም ሁለት ፎቅ ሳያርፍ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ የሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ ለመዋኘት የሚበቃ አቅም አለው ይባላል። አንደኛው ፎቅ ላይ ደረቱን የሚጨምቀው፣ መደገፊያውን ይዞ የሚቆመው ሰው ከሐይቁ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ሐኪሙ ግፊትና ስኳር ይለካል፣ ልብን በማዳመጫ ይሰማል፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያደርጋል። ቫልቭ ከተጠረጠረ የልብ አልትራሳውንድ ያዛል። ተኝቶ የተነሳ የኤሌክትሪክ ወረቀት ደህና መሆኑ ግን ዋስትና አይሆንም፤ የጠበበ ቧንቧ በእረፍት ሰዓት ላይታወቅ ስለሚችል እየተራመዱ የሚደረገው ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጾም ወራት፣ በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ፣ ሆድና ጉሮሮ በደረቁበት ሰዓት ከባድ ዋና አይመከርም፤ የክኒኑን ሰዓት ከጾሙ ጋር ለማስማማትም ሐኪሙን ማማከር እንጂ በራስ መዝለል አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሞተው ምልክቱን ስለማያውቅ ሳይሆን ስም ስለሚለውጥለት ነው። ደረት መሃል የሚጨመቅ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ሕመም መርካቶ ውስጥ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ «ብርድ መታኝ» ይባላል፣ ዝንጅብል ይጠጣል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል። የተዘጋ የልብ ቧንቧ የሚከፍተው ሕክምና በ90 ደቂቃና በ2 ሰዓት ውስጥ ሲደርስ ነው ብዙ ጡንቻ የሚያድነው፤ ይህ ሕክምና ያለው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፣ ላንጋኖ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይርቃል። እያንዳንዷ «ትንሽ ልረፍ» ከዚህ ላይ ትቀነሳለች። አለርጂ ወይም የደም መፍሰስ ችግር የሌለበት ሰው አንድ ሙሉ አስፕሪን አኝኮ ጉዞ መጀመር ይችላል። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ሕመሙ ጎልቶ ላይመጣ ይችላል፤ ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻውን ሊሆን ይችላል። ውሃ ውስጥ ሆኖ ሳል የጀመረው፣ ትንፋሹ ዳር ወጥቶም ያልተመለሰለት ሰው «ውሃ ጠጣሁ» ብሎ አይለፈው።

አሁን ወደ «ብቻ» እንመለስ። ልብ ከቆመች በኋላ ደረት ካልተጫነ የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ 10 ደቂቃ ማለት ጨርሶ ማለት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ሐይቅ ዳር ግን በ10 ደቂቃ የሚደርስ አምቡላንስ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ የሚያድነው አጠገብ ያለው ሰው ነው። ከውሃ የወጣና የማይተነፍስ ሰው መጀመሪያ 5 ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየተጫነ በየ30ው 2 ትንፋሽ ይጨመርለታል። ይህን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ዕቁብ የሚጥሉ፣ እድር ያላቸው የመርካቶ ሰዎች ለቀብር የሚሰበሰቡትን ያህል አንድ ከሰዓት ለዚህ ቢሰበሰቡ ከድንኳኑና ከወንበሩ ያልተናነሰ ንብረት ያፈሩ ነበር።

ብቸኛው ዋናተኛ ራሱ የሚያደርገው ነገር አለ። ከዳር ወደ መሃል ሳይሆን ከዳር ጋር ትይዩ፣ እግሩ መሬት በሚነካበት ጥልቀት ይዋኛል። ደማቅ ቆብ ያደርጋል፤ ታንኳም ሆነ ጀልባ ላይ ከሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከሙሉ ምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ዳር ላለ ለአንድ ሰው ይነግራል፤ ያ ሰው የሆቴሉ ዘበኛም ቢሆን። የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት በሱሪው ኪስ ውስጥ ይሁን።

የልብ ሕክምና የተደረገለት ሰው ወደ ውሃ የሚመለስበት ጊዜ እንደ ሕክምናው ይለያያል። ቧንቧው በቀጭን ሽቦ ተከፍቶለት ስቴንት የገባለት ሰው የተወጋው ቦታ እስኪድን አንድ ሁለት ሳምንት ገንዳም ሐይቅም አይገባም። ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የደረት አጥንቱ ገጥሞ ክንዱን ማወራጨት እስኪችል ድረስ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ይጠብቃል። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ክንዱን ከትከሻ በላይ ለማንሳት ስድስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ሁሉም ሲመለሱ የሚጀምሩት ሰው ባለበት መዋኛ፣ ውሃው እምብርት ላይ በሚደርስበት ቦታ፣ በእግር በመራመድ ነው።